አብረን ያልበላነው እንጉዳይ

ውድ ቀስ በል፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ልበልህ፤ አንተ ሌባ ነህ። ይህን ከተናገርኩ ሆዴ ቀለል ስለሚለኝ፣ አሁን እንደ ሰው ጤናህን ልጠይቅ። እንዴት ነህ? ወንድምህና ቤተሰቡስ? የባሕሩ ንፋስ ለወገብህ ተስማማው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "በጣም ደህና" እላለሁ። ስትደውልልኝም ያንኑ እልሃለሁ፣ አንተም ያንኑ ትለኛለህ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ጥቂት አውርተን እንዘጋለን። ስለ አየር ማውራት ሰለቸኝ።

የምጽፍልህ እሑድ ጠዋት ነው። ከእኔ በላይ ያለችው ጎረቤቴ ምንጣፏን በረንዳው ላይ አንጠልጥላ ትደበድባለች። አቧራው በመስኮቴ ይገባል። ልዝጋው እልና፣ አንዴ ከተነሣሁ ተመልሼ እንደማልቀመጥ ስለማውቅ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ በእውነተኛው ስምህ ጀምሬ ነበር። ሳነበው ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ የምጽፍ መሰለኝና ቀደድኩት። ስለዚህ የጥርስ ሥራ ቤታችን ባወጣልህ ስም ቀጠልኩ። የሚቸኩለውን ሁሉ "ቀስ በል፣ የሰው አፍ ነው" ስትል አይደል የተጣበቀብህ? አሁን ሁሉም ይቸኩላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሰሙ ሳይረጋ ነካክቶ የአንዲትን ሴትዮ የፊት ጥርስ አጣመመው፤ ሁላችንም ዞር ብለን የአንተን ወንበር አየን።

ትናንት ወደዚያች ምግብ ቤት ሄድኩ፤ ብቻዬን። መኸር ገብቷል፣ ምግብ አብሳይዋም የመኸሩን ማዕድ ጀምራለች። ወቅት በተለወጠ ቁጥር እየሄድን ምን እንደፈጠረች ማየት የእኔና የአንተ ነገር ስለነበር፣ ያለ አንተ መሄድ ክህደት መሰለኝ። አለመሄድ ደግሞ ቀብር መሰለኝ። ከሁለቱ ክህደቱን መረጥኩ።

መጀመሪያ እንዴት እንደሄድን ታስታውሳለህ? በምግብ አብሳይዋ አባት ሰበብ ነው። ያ ጥርስ የማያስከድን ሽማግሌ፣ ራሱ አንድም ጥርስ ሳይኖረው! ሌሎች ሥራ ቤቶች የሠሩለትን ሰው ሠራሽ ጥርስ "ለውሻ ስጡት" ብሎ ጥሎ፣ በገዛ ልጁ ምግብ ቤት ሾርባ ብቻ እየጠጣ ይኖር ነበር። ልጅቱ መቀበያችን ላይ ቆማ "አባቴ እኮ የማበስለውን አያውቀውም" ብላ ስታለቅስ አንተ የሽማግሌውን የድድ ልክ ይዘህ ወደ ጥግህ ሄድክ። እኔ ሰሙን ቀረጽኩ፣ አንተ ጥርሱን ደረደርክ። እሱ ይመጣል፣ ይነክሳል፣ "እዚህ ጋ ቆረቆረኝ" ይላል። አንተ "ቀስ በል አባቴ፣ ቀስ በል" እያልክ ትሞርዳለህ። በመጨረሻ ልጅቱ በቦርሳዋ ጥሬ ካሮት ይዛ መጣች። ሽማግሌው ቀረጠፈው፤ ድምፁ በሥራ ቤቱ ሁሉ ተሰማ። ሰው ሲያጨበጭብ አንተ ወደ ግድግዳው ዞረህ መነጽርህን ትወለውል ነበር። መነጽርህ ግን አልቆሸሸም ነበር። እኔ የወደድኩህ የዚያን ቀን ነው። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ልጅቱም በምስጋና "ሁለታችሁም ኑልኝ" አለች፣ ሄድን። የድሮ ፀጉር አስተካካይ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል፣ ስድስት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ያ ረጅም መስተዋት። አንተ ከፊቴ ተቀምጠህ ማጅራትህም በመስተዋቱ ይታየኝ ነበር። ፀጉርህ ከኋላ መሳሳቱን አልነገርኩህም፤ ለምን ብዬ? የሚመረጥ ነገር የለም፤ ትቀመጣለህ፣ እሷ ለወቅቱ ያሰበችው ሁሉ በትንሽ በትንሽ ሳህን እየተከታተለ ይመጣል። ባሏ ረጅሙ ሰውዬ ዝቅ ብሎ፣ ድምፁን ሰብሮ፣ "ይህ ዱባ ነው፤ በአመድ ውስጥ ያደረ" ሲል፣ ቀጥሎ "እግዜር ያጥናችሁ" የሚለን ይመስል ነበር። አንተ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አድርገህ "በስንት ዓመቱ ነው ያረፈው?" አልከኝ። ሳቄን ስውጥ የበላሁት ዱባ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር።

ሌላ ጊዜ፣ በጋ ላይ መሰለኝ፣ በትንሽ ብርጭቆ ጥርት ያለ ውሃ ቀረበልን። "ለውሃማ ቤታችን ምን አነሰን?" ብለህ ጨለጥከውና ዓይንህ ፈጠጠ። የቲማቲም ጭማቂ ነበር፤ በጨርቅ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ አድሮ ቀለሙ የቀረ፣ ጣዕሙ ብቻ የወረደ። ሽንኩርቱስ? በጨው ተለብጦ እንደ ድንጋይ ደርቆ ከትንሽ መዶሻ ጋር የመጣው? ሌላው ሰው ሁሉ ባንድ ምት ሰባብሮ ጨው ሲበላ፣ አንተ እንደ ጀሶ ቅርጽ ዙሪያውን ቀስ እያልክ ኳ ኳ አደረግከው። ሁለት እኩል ሆኖ ተከፈተ። ምግብ አብሳይዋ ከጓዳ ወጥታ "ሥራ ከፈለጉ ይምጡ" አለችህ። ያን ማታ ወደ ቤት ስትሸኘኝ መንገዱ ቢረዝምልኝ ብዬ ተመኘሁ። በር ላይ ስንደርስ "በይ ደህና እደሪ" አልክ፣ እኔም "ደህና እደር" አልኩ። ሌላ ምን እንላለን?

አሁን ወደ ሌብነትህ ልምጣ።

በመጀመሪያው መኸር፣ ከማዕዱ መሐል እንጉዳይ ነበር። በብርጭቆ ክዳን ተሸፍኖ ይመጣል፤ ረጅሙ ሰውዬ ክዳኑን ሲያነሳው ዝናብ የጠጣ አፈር ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል፣ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ጥቅል ጎመን ይዞ መጣ። "ለእናንተ ደግሞ፣ እንጉዳይ ስለማይስማማችሁ፣ ጎመን ተዘጋጅቷል" አለ። እኔ አንተን አየሁ። አንተ ሹካህን ታያለህ። በልቤ "ምስኪን፣ እንጉዳይ አይበላም ማለት ነው፤ አሁን እኔ ብጠይቅ ይሸማቀቃል" አልኩ። ጮክ ብዬ "ኧረ እኔም ጎመን ይሻለኛል!" አልኩ። አንተም ፈገግ አልክ። ደስ ያለህ መሰለኝ።

በየመኸሩ እንደዚያው ሆነ። ጎመኑ መጥፎ ነበር አልልህም፤ ዳሩ ጠቆር ብሎ የተጠበሰ፣ ቅቤና ሎሚ የጠጣ፣ ጥሩ ጎመን ነበር። ዓይኔ ግን የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀር ነበር። ነግሬህ አላውቅም፣ እኔ በእንጉዳይ ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ ከሸክላ ፋብሪካ ሲወጣ፣ ዝናብ ከዘነበ፣ ከፋብሪካው ኋላ ካለው ሜዳ በኮፍያው ሞልቶ ያመጣ ነበር። በቆርቆሮ ላይ በጨው ብቻ ጠብሶ፣ እናቴ ሳታይ ከመጥበሻው ያቀምሰኝ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እንደዚያ የሚሸት እንጉዳይ ያገኘሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ ያውም ከሰው ጠረጴዛ። ግን አንተ ፊቴ ተቀምጠህ ጎመንህን በደስታ ስትበላ፣ ለአንድ ሳህን ብዬ ላሳፍርህ? ይቅርብኝ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስለ አንተ ብዬ አንድ ነገር መተዌ ደስ ይለኝም ነበር። ሌላ ላደርግልህ የምችለው ነገር አልነበረማ።

ከዚያ ያለፈው በጋ መጣ። የመጨረሻው ሳህን ከኮክ ፍሬ የተሠራ በረዶ ነበር፤ አንተ አልነካኸውም። ወንድምህ በባሕሩ ዳር የራሱን ሥራ ቤት ከፍቶ "ና አግዘኝ" እንዳለህ ነገርከኝ። "ምን ትያለሽ? ልሂድ?" አልከኝ። በረዶው ሲቀልጥ አያለሁ። አፌ ላይ የመጣው አንድ ቃል ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። ፊትህን አይቼ "መሄድ ፈልጓል፣ እኔን ላለማስቀየም ነው የሚጠይቀኝ" ብዬ ደመደምኩ። "ወንድምህ አይደል እንዴ? ሂድ እንጂ!" አልኩህ፣ ያውም እየሳቅኩ። "እውነትሽን ነው" አልክና በረዶውን በላኸው። አውቶቡስ ጣቢያ ስሸኝህ ሻንጣህን የሚጭነው ሰው "ባለቤትዎ ነች? ትቀመጥ እንጂ፣ ቦታ አለ" አለ። ሁለታችንም እኩል "አይ፣ የሥራ ባልደረቦች ነን" አልን። አንጀቴን የበላው እኩል መናገራችን ነው።

ዓርብ ዕለት የሥራ ቤታችን ባለቤት ጠራኝ። "የቀስ በልን ወንበር ለሌላ ሰው ልስጥ ወይስ ሰውዬው ይመለሳል? አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ። እኔም ልክ እንደማውቅ ሁሉ "አይመለስም፤ ወንድሙ ጋ ተመችቶታል" ልል አፌን ከፈትኩ። ስልኩ ጠራ፣ እሱም አነሳ፣ "በይ ሰኞ ንገሪኝ" ብሎ በእጁ ሸኘኝ። ቅዳሜን ሙሉ ያን ወንበር ሳስብ ዋልኩ። ሲመሽ ያችን ሰማያዊ ሹራቤን ለብሼ ወደ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ልሰናበትህ ነበር፤ እዚያው ጠረጴዛችን ላይ፣ በልቤ።

ረጅሙ ሰውዬ ብቻዬን መሆኔን አየ። ሁለተኛውን ወንበር ሊያነሳ ሲል "ይቆይ" አልኩት። ቀይ ሥር መጣ፣ ከዚያ የአተር ቅርፊት ሾርባ። ሦስተኛውን ሳህን ሲያነሳ ጎንበስ ብሎ በዚያ በለቅሶ ቤት ድምፁ፣ "እንጉዳዩን እንደ ወትሮው ላስቀርልዎ?" አለኝ።

"አይ፣ ዛሬማ አምጣልኝ" አልኩት። "የማይበላው እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ የለም።"

ቀና አለ። ሰውዬው ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም ነበር። "እሳቸው?" አለ፤ "እሳቸው እኮ ይበላሉ። የማይበሉት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? ማን አለ?"

"እሳቸው ናቸዋ ያሉት!"

ክርክራችንን ሰምታ ምግብ አብሳይዋ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ወጣች። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ በአንተ ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ በመጀመሪያ የጋበዝኳችሁ ቀን ቀደም ብሎ በጓሮ በር መጣ" አለችኝ። "'አብራኝ የምትመጣዋ ሴት እንጉዳይ አትወድም፤ ሥራ ቤት ምሳ ላይ ለይታ ስታስቀምጥ አይቻለሁ። ግን ይሉኝታ ይይዛታል፣ አትነግራችሁም። ለብቻዋ ሌላ ሲቀርብላት እንዳይከፋት ለእኔም አታቅርቡልኝ' አለኝ። እኔ እኮ እንዲህ የሚያስብላት ሴት ምን ታድላለች ብዬ ቀናሁብሽ!"

ምሳ ላይ! ያን ቀን ምን ሆኜ እንደነበር ልንገርህ? ጥርሴን አሞኝ ነበር። የሰው ጥርስ እየሠራሁ የራሴ ተበሳስቶ፣ እንዳትስቁብኝ ብዬ ደብቄ፣ የሚታኘከውን ሁሉ ወደ ሳህኑ ዳር እገፋ ነበር። ሥጋውንም ገፍቻለሁ፣ ድንቹንም ገፍቻለሁ። አንተ ከዚያ ሁሉ መሐል እንጉዳዩን ብቻ አየህ። አንድ ጊዜ "ምነው፣ አትወጂም?" ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔስ "አንተ አትበላም እንዴ?" ብልህ ምን ነበረበት?

ገና ይህን ስፈጭ ልጅቱ ሳቅ እያፈናት ቀጠለች። "ደግሞ እኮ አንድ ነገር አለ፤ እንዳትነግሪው። በየመኸሩ ምሳ ሰዓት ላይ በጓሮ ይመጣና፣ እዚያ ጓዳ ውስጥ ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ አንድ ሳህን እንጉዳይ በልቶ ይሄዳል።"

አየህ? ሌባ! እኔ ጎመን እየቆረጠምኩ ስለ አንተ መሥዋዕት ስሆን፣ አንተ በጓሮ በር! መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከልቤ። ከዚያ አንተን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁህ፤ የሥራ ካፖርትህን እንደለበስክ፣ እጅጌህ ጀሶ ነክቶት፣ ምድጃው ሥር ቆመህ እንደ ተማሪ ተደብቀህ ስትበላ፤ ሳቄ መጣ። ልጅቱም ሳቀች። ረጅሙ ሰውዬ እንኳ በጥርሱ ሳቀ፤ ጥርሱ ደግሞ እንዴት ያምራል፣ ለካ እስካሁን ደብቆን ነው።

"በልቶ ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል" አለች ልጅቱ፣ ሳቋን አቁማ።

"ምን?"

"'ምነው እሷም ብትወደው' ይላል። ሁልጊዜ። ሳህኑን ያስቀምጥና 'ምነው እሷም ብትወደው' ብሎ ይወጣል።"

እንጉዳዩ መጣ፣ ረጅሙ ሰውዬ ክዳኑን አነሳ፣ ሽታው ፊቴን መታው፣ እኔ ሹካዬን ይዤ በሰው መሐል አለቀስኩ። እንደ ልጅ። ልጅቱ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ "ይቀዘቅዝብሻል፣ ብዪ" አለችኝ። በላሁ። እንደ አባቴ እንጉዳይ ነበር፣ ግን ከሱም የተለየ ነበር፤ ውስጡ ለስላሳ፣ ዳሩ ቀርጠፍ የሚል፣ መጨረሻ ላይ ለውዝ ለውዝ የሚል ነገር አለው። "ይህ ምንድን ነው?" ብዬ ቀና ስል የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ስትሄድ እንዲህ አልናፈቅከኝም ነበር። አሁን አፌ ሞልቶ፣ ጣዕሙ ምላሴ ላይ ሆኖ፣ እንደዚያ ናፈቅከኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ አጭር ነበር፤ ለካ የሚረዝመው አንተ ስትኖር ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት ይህን ነው። እኔና አንተ ክፉ ሰዎች አይደለንም። አንዳችን ለሌላችን ስንሳሳ፣ ሳንጠይቅ ስንመልስ ነው ያረጀነው። አንተ ስለ እኔ መለስክ፣ እኔ ስለ አንተ መለስኩ፣ ሁለታችንም ተሳሳትን። እንጉዳይ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን በጋ ላይ "ልሂድ?" ስትለኝስ? ፊትህን አይቼ አወቅኩ ያልኩት ምንድን ነው? ምናልባት በእርግጥ መሄድ ፈልገህ ነበር። ምናልባት ደግሞ አንተም የእኔን ፊት አይተህ "ብሄድ ይሻላታል" ብለህ ይሆናል። አላውቅም። ይህን "አላውቅም" የምትለውን ቃል ለመጻፍ ይህን ሁሉ ዕድሜ ፈጀሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ለባለቤቱ "ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ጠይቄዋለሁ፣ መልሱ እስኪመጣ ወንበሩን እንዳትነካ" እለዋለሁ። እስቲ ምን ያመጣል! ይህንንም ደብዳቤ ሳልፈራ ዛሬውኑ እልከዋለሁ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ልጠይቅህ። በመጀመሪያ የራሴን ልንገርህ፣ በእኔ ፈንታ እንዳትገምትልኝ። እወድሃለሁ። እንደ ባልደረባ አይደለም፣ እንደ ወንድምም አይደለም። በጋ ላይ "ሂድ እንጂ" ያልኩህ ጊዜ የዋጥኩት ቃል "አትሂድ" ነበር። እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ወንድምህን መተው ካልቻልክ "ነይ" በለኝና እኔ ልምጣ፤ ጥርስ የሌለው ሰው በየትም ከተማ አይጠፋም። እምቢ ካልክም ጥርት አድርገህ እምቢ በለኝ። ያመኛል፣ ግን እችለዋለሁ። ለእኔ ብለህ አታለስልሰው፣ ለእኔ ብለህ ምንም አትተው፣ ምን እንደሚሻለኝ አታስብልኝ። አንተ የምትፈልገውን ብቻ ንገረኝ።

ትፈልገኛለህ?

መልሱን ከአንተ አፍ ብቻ የምትጠብቅ፣
እኔ